ስልሳ አምስት ኢንች ግልጽነት

አንዳንድ መሥሪያ ቤት በሥራው ይታወቃል፤ አንዳንዱ በሕንፃው። ይህ ታሪክ የተፈጸመበት መሥሪያ ቤት ግን በሁለቱም ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ኖሮ፣ በመጨረሻ በቴሌቪዥኑ ለመታወቅ በቃ። እንዲህ ያለ ክብር እንዴት እንደተገኘ ለትውልድ ሳይነገር ቢቀር ነውር ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ የማስረጃ ወረቀት ይሰጣል፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ ያላገባ፣ የሞተ፣ ያልሞተ። ወረቀቶቹን ሁሉ የምትጽፈው አንዲት ጸሐፊ ናት። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቷ አንድ ፊደል ገድፋ አታውቅም ቢባል ግነት ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ ገድፋለች። ሦስቱንም ከነቀናቸው ታስታውሳቸዋለች፤ ትዝ ሲሏት ዛሬም ጆሮዋ ይግላል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ ልትጀምር ስትል፣ አሥራ ዘጠኝ ኢንች የነበረችው ሞኒተሯ «ቀጭ» የምትል ድምፅ አሰምታ ጨለመች። ካቻቢቴ ተጠራ። ካቻቢቴ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ከደረት ኪሱ የማይለየው መፍቻ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም አስረስቷል። ሞኒተሯን ፈታት፣ አሸተታት፣ መልሶ ገጠማት።

«ነፍስ ይማር» አለ።

ጉዳዩ ወደ ክቡር ኃላፊው ቀረበ። ክቡር ኃላፊው ሩቅ አሳቢ ሰው ናቸው፤ ቅርብ ያለውን ለሌሎች ይተዋሉ።

«ሞኒተር? በዚህ ዘመን ሞኒተር?» አሉ በኀዘን። «የወንድሜ ልጅ ቤት ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥን ጋር አያይዞታል። ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን! እኛ የሕዝብ መሥሪያ ቤት ሆነን ከአንድ ጎረምሳ እንነስ?»

«ምን ይሠራበታል ክቡርነትዎ?» አለ ካቻቢቴ።

«መኪና ያሽቀዳድምበታል።»

«እኛ እኮ ደብዳቤ ነው የምንጽፍበት።»

«ታዲያ ምን ቸገረ? ደብዳቤያችን እንደ መኪና ይፈጥናላ! የአዳራሹን ቴሌቪዥን አውርድ።»

ካቻቢቴ ጭንቅላቱን አከከ። «አይሆንም አልልም። ቴሌቪዥን ሞኒተር ይሆናል፤ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ግን የአዳራሹ ቴሌቪዥን ለዚያች ጠረጴዛ ይበዛል። ራቅ ተብሎ ነው የሚታየው። ደግሞ በሪሞቱ ገብተን ካላስተካከልነው ፊደሉ ይዘገያል፣ የምስሉም ዳር ዳር ይቆረጣል፤ ምክንያቱም…»

«ዝርዝር ውስጥ አንግባ» አሉ ክቡር ኃላፊው። ዝርዝር ውስጥ አለመግባት የአመራር ሀሁ ነውና ካቻቢቴ ቴሌቪዥኑን ሊያወርድ ሄደ።

በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የክቡር ኃላፊውን ፎቶግራፍ ሲያሳይ የኖረው ስልሳ አምስት ኢንች ኤችዲ ቴሌቪዥን በአራት ሰው ሸክም ወርዶ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ገባ። የመንግሥት ንብረት እንዳይሰረቅ በስምንት ብሎን ከግድግዳው ጋር ታሰረ፤ ሶኬቱም ከበስተኋላው ቀረ። ሪሞቱ ግን «የአዳራሽ ንብረት» ተብሎ ስለተመዘገበ አብሮ ሊመጣ አልቻለም፤ ንብረት ክፍል ተቆልፎበት፣ በጽሑፍ ሲጠየቅ ብቻ እንዲወጣ ተወሰነ።

በምረቃው ላይ ክቡር ኃላፊው ንግግር አደረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ ከጠባብ እይታ ወደ ሰፊ እይታ ተሸጋግረናል!» ተጨበጨበ። ጸሐፊዋም አጨበጨበችና ልትጽፍ ተቀመጠች። በአፍንጫዋና በሰፊው እይታ መካከል የነበረው ርቀት ሦስት ስንዝር ነው።

የመስመሩ መጀመሪያ በግራ ትከሻዋ በኩል፣ መጨረሻው በቀኝ ትከሻዋ በኩል ሆነ። አንዲት አጭር ደብዳቤ ለማንበብ የኳስ ተመልካች ይመስል አንገቷን ወዲያና ወዲህ ስታመላልስ ዋለች። ‹ሀ›ን ስትነካ ‹ሀ› ወዲያው አትመጣም፤ እንደ ሹም ትንሽ አስባበት ነው የምትገለጠው። የቅጹ የቀኝ ዳር ከነጭራሹ አይታይም፤ መዝጊያውም፣ ማስቀመጫውም ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ውጭ ወድቀዋል። በዚህ መሥሪያ ቤት አንዴ የተከፈተ ነገር የሚዘጋው በግምት ሆነ።

በሳምንቱ ቤቷ ስትገባ ባሏ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ አያት። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰው ሲራመድ የት እንደሚጨመድድ ያውቃል።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? እንደ በር ሙሉ በሙሉ ነው እኮ የምትዞሪው!»

«አንገቴ እምቢ አለኝ። ቴሌቪዥን አፍንጫዬ ላይ ሰቅለውብኛል።»

ስለ ሥራዋ ምንም አውርታለት የማታውቀው ሚስቱ ይህን ስትል ነገሩ የምር መሆኑ ገባው። ሜትሩን ከአንገቱ አወጣና ከቤታቸው ቴሌቪዥን እስከ ሶፋው ለካ፤ የእሷኛው ምን ያህል ይበልጣል ብሎ ጠየቀ፤ በጣቱ አሰላ።

«ሁለት ሜትር ተኩል ራቂ። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ እንጂ ልብስ አይታይሽም።»

በማግስቱ ልራቅ ብላ ክቡር ኃላፊውን ጠየቀች። ከወንበሯ ጀርባ ክፍሉን ከኮሪደሩ የሚለየው ኮምፔንሳቶ አለ፤ እስከ እሱ ያለው አንድ ሜትር ብቻ ነው። ካቻቢቴ ቴሌቪዥኑን ወደ ሌላው ግድግዳ እናዙረው አለ።

«ቴሌቪዥኑ አንድ ጊዜ ተመርቋል» አሉ ክቡር ኃላፊው። «የተመረቀ ነገር አይነቃነቅም። ኮምፔንሳቶው ይነሣ።»

ኮምፔንሳቶው ተነሣ። ጸሐፊዋ ወንበሯን ይዛ ኮሪደር ወጣች፤ ኪቦርዱን ጭኗ ላይ፣ ማውዙን አንድ አሮጌ መዝገብ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ባለጉዳዩ ከኋላዋ ተሰለፈ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ርቀት ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይነበብ ጀመር። ችግሩ ለሁሉም መነበቡ ነው።

ረቡዕ ዕለት አንድ ባለ ከረባት ጎልማሳ ከእጮኛው ጋር መጣ። ያላገባ መሆኑ እንዲጻፍለት ፈለገ። ጸሐፊዋ ስሙን ስታስገባ መዝገቡ ቡጢ በሚያክል ፊደል ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ካገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ወረፋው በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ።

«ይቺ ማናት?» አለች እጮኛው።

«ስ… ስህተት ነው። የስም ሞክሼ ይሆናል።»

«የአባትህ ስምም ሞክሼ ነው?»

«ይገጥማል እኮ…»

«የእናትህስ?»

ከኋላ የቆመ አንድ ሰው «አያትየዋንም ወረድ አድርገሽ አሳዪን» አለ። የእጮኛው ቦርሳ ባለ ከረባቱን ሲያገኘው ጸሐፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የስንቱን ጉድ በሆዷ ይዛ ኖራለች፤ ማን ማንን እንደፈታ፣ የማን ልጅ የማን እንዳልሆነ፣ ለገዛ እህቷ እንኳ አውርታ አታውቅም። ያን ዕለት ምሳዋን ሳትበላ ክቡር ኃላፊው ዘንድ ገባች።

«ክቡርነትዎ፣ የሰው ገበና ነው እኮ አደባባይ የወጣው።»

«ገበና ያለው ሰው መሥሪያ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል?» አሉ፤ በዚያው ሳምንት ሪፖርታቸው ላይም «ቴሌቪዥናችን አንዲት እህታችንን ከጥፋት ታድጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመሩ።

የሚቀጥለው ባለታሪክ ጺሙ ደረቱን የሚነካ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የልደት ወረቀቱን ይዞ ከሄደ ከሦስት ቀን በኋላ በሩን በርግዶ ተመለሰ። ወረቀቱ ጾታ በሚለው ሥር «ሴት» ይላል። የጾታው ዓምድ በቅጹ ቀኝ ዳር ነው፤ የቅጹ ቀኝ ዳር ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ውጭ ነው። ከእሱ በፊት የተስተናገደችው ሴት ስለነበረች እሱም በዚያው ቀርቷል። ለጸሐፊዋ አራተኛው ስህተቷ ነበር፤ ጆሮዋ እስኪግል ይቅርታ ጠየቀችው። ሹፌሩ እሷን ሲያይ ለዘብ አለና ወደ ክቡር ኃላፊው ዘለቀ።

«ይሄ ምንድን ነው ጌታዬ?»

ክቡር ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጠው አዩ። «ቴሌቪዥኑ ኤችዲ ነው። አይሳሳትም። እርስዎ በሚገባ አይተዋል?»

«ምኑን?»

«ራስዎን።»

ሹፌሩ ወረቀቱን ከእጃቸው ነጠቀ። ከዚያ ወጣና አቤት ሊል የበላይ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ መኪናውን አቆመ።

ሳይውል ሳያድር ደብዳቤ ደረሰ፤ ስለ ሥራው መጓተትና ስለ ሹፌሩ ጾታ ማብራሪያ እንዲዘጋጅ፣ አጣሪ ቡድንም ሐሙስ እንደሚመጣ ይገልጻል። ጥፋት ሲገኝ ጥፋተኛ ማዘጋጀት የመልካም አስተዳደር ግዴታ ነው። ጥፋተኛው ከኃላፊው በታች መሆን እንዳለበት ደግሞ መመሪያ ሳያስፈልገው የታወቀ ነው። ረቡዕ ጠዋት ክቡር ኃላፊው ጸሐፊዋን በአባትነት አነጋገሯት።

«እህቴ፣ ዓይንሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ክቡርነትዎ።»

«አይ፣ ደክሟል። ፊትሽ ላይ ያስታውቃል። ሂጂና ተመርመሪ፤ ለጤናሽ አስቤ ነው።»

ለጤናዋ ሲያስቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ጡረታ ሊወጣ ስድስት ዓመት የቀረው ሰው እንዲህ ያለ ደግነት ሲመጣበት ወዴት እንደሚያደርስ ያውቃል። ሴት ልጇ ገና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ክሊኒኩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ከሩቅ ሆና ደጋግማ አነበበቻቸው፤ እንዳይጠፉባት ፈርታ ይመስል።

ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ ሣቀ። «ማን ነው የላከሽ? ይሄ እኮ የንስር ዓይን ነው። የላከሽን ሰው ግን ብታመጪልኝ ባየው ደስ ይለኛል።» ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጣት።

በዚያው ሰዓት ክቡር ኃላፊው በጸሐፊዋ ወንበር ላይ ተቀምጠው ኪቦርዱን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ምስጢራዊ ደብዳቤ ስለሆነ ማንንም አላስጻፉም፤ ራሳቸው በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ ነው። ከኋላቸው አርባ የሚሆን ባለጉዳይ ቆሟል። ሹፌሩም ጾታውን ሊያስተካክል መጥቶ ከመካከላቸው አለ። ክቡር ኃላፊው በሹመት ዘመናቸው ሁሉ ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው አይተው ስለማያውቁ ያን ዕለትም አላዩም።

«ጸሐፊ…» አሉ ለራሳቸው። «በየትኛው ‹ጸ› ነበር?»

«በጸሎቱ!» አለ ሹፌሩ።

«አመሰግናለሁ።» ጻፉ። «‹ሐ›ውስ?»

«ሐመሩ ሐ!» አለች አንዲት መነኩሲት የምትመስል አሮጊት።

እንዲህ እየተረዳዱ ሁለት ሰዓት ሠሩ። ደብዳቤው መስመር በመስመር እየወጣ ሲሄድ ግን ረዳቶቹ አንድ በአንድ ፊደል መንገር ተዉ። እንዲህ ይላል፤ «ጸሐፊዋ ዓይኗ ከመድከሙ የተነሣ የቅጹን ግማሽ ስለማታይ፣ ቴሌቪዥኑም የገባው በራሷ ጉትጎታ ስለሆነ፣ በጡረታ እንድትገለል በትሕትና በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ጸሐፊዋ ከክሊኒክ ስትመለስ ኮሪደሩ እንደ ቤተ መጻሕፍት በሚያነብ ሰው ተሞልቷል። ከወረፋው መጨረሻ፣ ከሃያ እርምጃ ርቀት ቆማ ቀና አለች። «ጸሐፊዋ» የሚለውን አየች። ጆሮዋ መጋል ጀመረ፤ ድምፅዋም ሳታስበው ወጣ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች፣ ነጥቡንም ሳታስቀር፣ ጮክ ብላ አነበበችው።

«አራተኛው መስመር ላይ ‹በትሕትና› ሁለት ጊዜ ተጽፏል» አለች ስትጨርስ። «አንዱ ይበቃል።»

ክቡር ኃላፊው ዞሩ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሪደር ላይ የቆመ ባለጉዳይ አዩ፤ አርባውንም በአንድ ጊዜ። ብድግ ብለው ቴሌቪዥኑን በጀርባቸው ሊከልሉ ኮታቸውን ዘረጉ፤ ስልሳ አምስት ኢንች ግን ለአንድ ሰው ኮት ይበዛል። በቀኝ ሲሸፍኑ «ዓይኗ»፣ በግራ ሲሸፍኑ «ጡረታ» ይወጣባቸዋል።

«ካቻቢቴ! ዝጋው!»

«መዝጊያው ከጠርዝ ውጭ ነው ክቡርነትዎ። በሪሞቱ ምስሉን ላጥበው።»

«አምጣዋ ሪሞቱን!»

«በጽሑፍ ካልተጠየቀ አይወጣም።»

«ይጻፋ!»

ካቻቢቴ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። ወረፋውም ወደ እሷ ዞረ።

«ዓይኔ አያይም ተብሏል» አለች።

ኮሪደሩ በሣቅ ፈረሰ። ካቻቢቴ እንደምንም ሣቁን ውጦ «ኮምፒውተሩን ላጥፋው?» አለ። «ግን ደብዳቤው አልተቀመጠም፤ ይጠፋል።»

ክቡር ኃላፊው አመነቱ። «ሁለት ሰዓት የለፋሁበት?» አሉ፤ ይህን ባይሉ ኖሮ ነገሩ በዚያ ባበቃ ነበር። በገዛ ልጁ መጨከን የሚችል ደራሲ የለምና ደብዳቤያቸውን እንዳቀፉ ቆሙ። ሐሙስ ይመጣል የተባለው አጣሪ ቡድን አንድ ቀን ቀድሞ የደረሰውም እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው እንደቆሙ ነው።

የቡድኑ መሪ መነጽር ያደረጉ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። ቀስ ብለው በክቡር ኃላፊው ብብት ሥር ደብዳቤውን አነበቡ። የሐኪሙን ወረቀት ከጸሐፊዋ እጅ ተቀብለው አነበቡ። የሹፌሩን ጺም አዩ፤ የልደት ወረቀቱንም አዩ።

«ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አሉ።

ታላላቅ ሰዎች የሚታወቁት በጭንቅ ሰዓት ነው። ክቡር ኃላፊው እጃቸውን እንደዘረጉ «ግልጽነት ነው!» አሉ። «በእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚገመገመው በሕዝብ ፊት ነው። ከሕዝብ የምንደብቀው የለንም።»

ጸሐፊዋ አበቃልኝ አለች። ሴትዮዋ ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው «ግልጽነት» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ቀልደው ይሁን የምራቸውን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በሁለተኛው ሳምንት ውሳኔው መጣ። ክቡር ኃላፊው በግልጽነት አርአያ ሆነው ስለተገኙ የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። የጸሐፊዋ ዓይን በሐኪምም በሕዝብም ተፈትኖ ስላለፈ የጡረታው ጥያቄ ውድቅ ሆነ። የሹፌሩ ወንድነት ታመነ። በመጨረሻም እንዲህ ተባለ፤ «ግልጽነት ከላይ መጀመር ስላለበት ቴሌቪዥኑ ወደ ኃላፊው ክፍል ተዛውሮ ከኃላፊው ኮምፒውተር ጋር ይያያዝ፤ ሕዝቡ የኃላፊውን ሥራ ከኮሪደር እንዲከታተል የክፍሉ በር ይነሣ። የኃላፊው ሞኒተር ለጸሐፊዋ ይሰጥ፤ የባለጉዳዩም ምስጢር እንዲጠበቅ ኮምፔንሳቶው ይመለስ።»

የክቡር ኃላፊው ሞኒተር ሃያ አራት ኢንች፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተላጠ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊዋ በመጀመሪያው ቀን ብቻ የተጠራቀሙ ስልሳ ወረቀቶች ጻፈች፤ ማታ ቤቷ ስትገባም አንገቷን ወዲያና ወዲህ አዙራ ለባሏ አሳየችው።

«እስቲ ድገሚው» አለ ባሏ። ደገመችለት።

ክቡር ኃላፊው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ደብዳቤ አልጻፉም። የሚጽፉት ሁሉ ቡጢ በሚያክል ፊደል ከኮሪደር ሊነበብ ስለሚችል መጻፉን ተዉት። ከጻፉት ይልቅ ያልጻፉት ጠቀመ፤ «ይመለስ»፣ «ይጣራ»፣ «ነገ ይቅረብ» የሚል መመሪያ ስለጠፋ የሦስት ወር ጉዳይ በአንድ ቀን ያልቅ ጀመር። የበላይ መሥሪያ ቤቱም ውጤቱን አጥንቶ፣ ለውጡ የቴሌቪዥኑ ፍሬ መሆኑን ደርሶበት፣ ለሌሎች ኃላፊዎች ሁሉ እንዲገዛ ወሰነ።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ወረፋ ሲጠብቁ በሌለው በር በኩል ወደ ውስጥ አዩ። ክቡር ኃላፊው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ኮምፒውተራቸው ጠፍቷል፤ ከጀርባቸው ባለው ቴሌቪዥን ሰፊ ሰማያዊ ገጽ ላይ ግን ኮምፒውተሩን ሲያጣ በራሱ የሚጽፈው ነጭ ጽሑፍ ተንጣሏል።

«ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው» አሉ ሽማግሌው አጠገባቸው ላለችው ሴት። «ከኃላፊው ራስ በላይ ምን ይላል?»

«‹ምልክት የለም› ይላል አባባ።»

ሽማግሌው ክቡር ኃላፊውን አንድ ጊዜ፣ ጽሑፉን አንድ ጊዜ አዩ።

«የሥራ ምልክት ድሮስ መቼ ነበረና!» አሉና ተራቸው ደርሶ ወደ ጸሐፊዋ ገቡ።